«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ኮምፒውተርን በተናጠል ከተገዙ ክፍሎች በቤት ውስጥ መገጣጠም ብዙዎች እንደሚገምቱት ከባድ ሥራ አይደለም። አስቸጋሪው ጊዜ የሚመጣው ብሎኑ ሁሉ ታስሮ ካለቀ በኋላ የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ በሞኒተሩ ላይ ምንም ሳይታይ ሲቀር ነው። በዚህን ጊዜ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ተማሪውም ለወራት ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን ቦርድ አስቀምጦ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ቦርድ እንደ ፊተኛው ዝም ይላል።

የስሕተቱ ምክንያት ማዘርቦርድ የሁሉም ክፍሎች መገናኛ መሆኑ ነው። የፓወር ሰፕላዩ ድካም፣ የራሙ በሚገባ አለመግባት፣ የሲፒዩውና የባዮሱ አለመተዋወቅ ሁሉም በቦርዱ በኩል ስለሚገለጡ የቦርዱ ሕመም መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ቦርዱ የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ ተጠርጣሪ ሊሆን ይገባል።

ቁልፉ ሲጫን ምን እንደሚከናወን በቅደም ተከተል እንመልከት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣውና ኤቲኤክስ በሚባለው ደንብ መሠረት፣ ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት ጋር እስከተገናኘ ድረስ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለም ለቦርዱ የ5 ቮልት መጠባበቂያ ኃይል ይልካል። ቁልፉ ሲጫን ቦርዱ በዚህ ኃይል ተጠቅሞ ፓወር ሰፕላዩን ሥራ ያስጀምረዋል። የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮች ይነሣሉ፤ ሲረጋጉም ፓወር ሰፕላዩ «ኃይሉ ደኅና ነው» የሚል ምልክት ይመልሳል። ሲፒዩው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከባዮስ ቺፕ የሚያነበው ከዚህ በኋላ ነው። ባዮሱም በበኩሉ ራሙን፣ ግራፊክሱንና ሌሎቹን ክፍሎች በተራ ይፈትሻል። ብዙ ዘመናዊ ቦርዶች ፍተሻው የት ላይ እንደቆመ የሚያሳዩ ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው፤ የቀድሞዎቹ ደግሞ በጩኸት ብዛትና ርዝመት ይናገራሉ። የጩኸቱ ትርጉም እንደ ባዮሱ ሠሪ ስለሚለያይ ከቦርዱ ጋር የመጣውን መመሪያ ማንበብ ግድ ይላል። መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

ብዙዎችን የሚያታልለው የማራገቢያው መዞር ነው። «ማራገቢያው ዞሯል፣ መብራቱም በርቷል፣ ስለዚህ ኃይል አለ» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በ1 ቮልት ገደማ የሚሠራና 100 ዋት የሚፈጅ ሲፒዩ ብንወስድ፣ ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት በመሆኑ፣ 100 አምፒር ያህል ከረንት ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ከረንት ከፓወር ሰፕላዩ ድረስ በሽቦ ማምጣት አይበጅም፤ በሽቦ ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ያድጋልና። ስለዚህ ኃይሉ በ12 ቮልት ይመጣል። ከረንቱ ወደ 8.3 አምፒር ይወርዳል፤ በዚያው ሽቦ ላይ የሚደርሰውም ብክነት 144 ጊዜ ያንሳል። ኤሌክትሪክ ከግድብ ወደ ከተማ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጓዘው በዚሁ ምክንያት ነው። 12ቱን ቮልት ወደ 1 ቮልት የሚያወርዱት በሲፒዩው ዙሪያ የተደረደሩት መለወጫዎች ሲሆኑ፣ የእነርሱ መስመር ከትልቁ ባለ 24 ፒን መሰኪያ የተለየ፣ በሲፒዩው አቅራቢያ የሚገኝ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን መሰኪያ አለው። ይህ መሰኪያ ከተረሳ ማራገቢያው ከትልቁ መሰኪያ በሚያገኘው ኃይል ይዞራል፤ ሲፒዩው ግን ምንም አልደረሰውም። ጀማሪ ገጣጣሚ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

መሰኪያዎቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ቦርዱን ከኬዙ አውጥቶ በደረቅ ካርቶን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በላዩ ሲፒዩው ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም እና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይቅሩ። ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ ከሌለው፣ ለምሳሌ በስማቸው መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለባቸው የኢንቴል ሲፒዩዎች እንዲህ ናቸው፣ ግራፊክስ ካርዱ ይጨመራል፤ የሞኒተሩም ገመድ በካርዱ ላይ ይሰካል። ከዚያ የማስነሻው ቁልፍ የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ማገናኘት ነው። ቦርዱ በዚህ ሁኔታ ከተነሣ ጥፋቱ በኬዙ ወይም በተነሡት ክፍሎች ዘንድ ነው። በተለይ በቦርዱ ሥር ያለ ቦታው የገባ የብረት ማቆሚያ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ቀሪዎቹ ክፍሎች አንድ በአንድ ይመለሱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የመለሰ ሰው የትኛው እንዳቆመው አያውቅም፤ በቤተ ሙከራም አንድ ተለዋዋጭ ብቻ የምንነካው ለዚህ ነው።

ራም ሁለቱም ጫፉ ቀጭ ብሎ እስኪገባ መጫን አለበት። ዲዲአር5 ራም ባላቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ ቦርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ከራሙ ጋር የሚነጋገርበትን የጊዜ ልክ ስለሚፈትሽ ሞኒተሩ ለደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚህ መካከል ትዕግሥት አጥቶ ኃይሉን የሚያቋርጥ ሰው ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። የሲፒዩውና የባዮሱ አለመተዋወቅም እንዲሁ ሞት ይመስላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ያወጣቸው የሪዘን 5000 ሲፒዩዎች ኤኤም4 በተባለው ነባር መሰኪያ ላይ በትክክል ይገባሉ፤ ነገር ግን ባዮሱ ያልታደሰ የቀደመ ቦርድ አያውቃቸውም። አንዳንድ ቦርዶች ያለ ሲፒዩ እገዛ ባዮሱን ከፍላሽ ዲስክ የሚያድሱበት ቁልፍ አላቸው።

ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ባለ 3 ቮልቷን ክብ ባትሪ መቀየር ይበቃል። ባትሪዋ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ክሪስታል ታንቀሳቅሳለች፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል 1 ይሆናል። ከሶኬት ነቅሎ ባትሪዋን ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት የተበላሸ የባዮስ ቅንብርን በብዙ ቦርዶች ላይ ይመልሳል።

በበጋ ወራት አየሩ ሲደርቅ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይበረታል። ሰው የሚሰማው ንዝረት 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቺፕን ለመጉዳት ግን ከዚያ ያነሰም ይበቃል። የቤቱ ሶኬት የመሬት መስመር ባይኖረውም የኬዙን ብረት በየጊዜው መንካት ይጠቅማል፤ ዋናው ነገር እጃችንና ዕቃው በእኩል ቮልቴጅ ላይ መሆናቸው ነውና።

ቦርዱ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ቦርዶች ላይ በውስጣቸው ባለው ፈሳሽ ጉድለት የተነሣ ብዙ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ፈሰዋል፤ አሮጌ ቦርድ የሚገዛ ሰው አናታቸው ጠፍጣፋ መሆኑን ይመልከት። ከአዲሶቹ መካከል በብዙዎቹ ፒኖቹ ያሉት በሲፒዩው ሳይሆን በቦርዱ መሰኪያ ላይ ነው፤ ኤኤም5 በሚባለው 1,718 ናቸው፤ ከእነርሱም አንዷ ብትጣመም ራም ወይም ግራፊክስ ሊጠፋ ይችላል። መሰኪያው በእጅ ባትሪና በማጉያ መነጽር ይመርመር። ፒኖቹ ቀጥ ብለው፣ በመልቲሜትር ሲለካ የ12 ቮልቱ መስመር በ11.4 እና በ12.6 መካከል ሆኖ፣ ደኅናነቱ በሌላ ኮምፒውተር በተረጋገጠ ሲፒዩና ራም በካርቶኑ ላይ አሁንም ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ቦርዱን ወደ ሻጩ መውሰድ ይቻላል።