ከቀዩ ጨርቅ ጀርባ፦ የማሳይ ሕዝብ ኑሮና ሥርዓት

ስለ አፍሪካ የሣር ሜዳ ሲነሳ በቴሌቪዥን የምናየው ብዙውን ጊዜ አንበሳ፣ ዝሆንና ቀይ ጨርቅ ለብሶ ወደ ላይ የሚዘል ወጣት ነው። ልጆቻችን ይህን አይተው «እነዚህ ሰዎች እንዴት ነው የሚኖሩት?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው እናጣለን። በዛሬው ጽሑፋችን በደቡብ ኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ስለሚኖረው የማሳይ ሕዝብ እንጽፋለን። በ2019 የተደረገው ቆጠራ እንደሚያሳየው በኬንያ ብቻ ቁጥራቸው ወደ 1.2 ሚሊዮን ይጠጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሩና የዕለት ኑሮው

የማሳይ መንደር ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ነው። ከብቶቹ ማታ መሃል ላይ ያድራሉ፤ ቤቶቹ አጥሩን ተከትለው በክብ ይሠራሉ። ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት። እንጨት ተክላ፣ በቀጭን ጭራሮ አያይዛ፣ በጭቃና በእበት ትለቀልቀዋለች። ይህን ሥራ እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። ላም ማለብ፣ ውሃና እንጨት ማምጣት፣ የዶቃ ጌጥ መሥራትም የሴቶች ሥራ ነው። ትንንሽ ወንዶች ልጆች በመንደሩ አካባቢ ጥጃና ግልገል ይጠብቃሉ፤ ከፍ ሲሉ ከትልልቆቹ ከብቶች ጋር ይሰማራሉ። ከብቶቹ የት እንደሚግጡና የት እንደሚጠጡ የሚወስኑት አባቶች ናቸው።

ዋናው ምግብ ከጥንት ጀምሮ ወተት ነው። ወተቱ የሚቀመጠው በቅል ሲሆን፣ ቅሉ በወይራ እንጨት ፍም ይታጠናል። ይህን ስናነብ የአገራችን የወተት ዕቃ ሽታ ትዝ ያላለን አንኖርም። በአንዳንድ ሥነ ሥርዓትና በሕመም ጊዜ ከብቱን ሳይገድሉ ከአንገቱ ሥር ደም ቀድተው ይጠጣሉ። ደም ለእኛ የተከለከለ ስለሆነ ይህ ለጆሯችን ይከብዳል፤ ለእነሱ ግን ከብት ሳያርዱ የሚገኝ ምግብ ነው። ዛሬ በአብዛኛው ቤት የዕለት ምግብ የበቆሎ ገንፎና ሻይ በወተት ነው።

ለእያንዳንዱ ዕድሜ የራሱ ኃላፊነት

እንደ ማኅበራዊ ሠራተኞች ይበልጥ የሳበን የዕድሜ ሥርዓታቸው ነው። በተቀራረበ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ልጆች ሲገረዙ አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ቡድኑም ስም ይወጣለታል። አባላቱ እስኪሞቱ ድረስ የዚያ ቡድን ወንድማማቾች ናቸው። መጀመሪያ «ሙራን» ማለትም ወጣት ጠባቂ ይሆናሉ። ሙራን ምግቡን ብቻውን አይበላም፤ ከጓደኛው ጋር ይካፈላል። ከዓመታት በኋላ «ኤውኖቶ» በሚባለው ሥነ ሥርዓት ረጅም ፀጉራቸውን እናቶቻቸው ይላጯቸዋል፤ ከዚያም ትዳር ይዘው ወደ ሽማግሌነት ይሻገራሉ። ያ በቴሌቪዥን የምናየው ዝላይ የሙራኖች ጭፈራ ነው።

ወጣቶቹን የሚመክረውና የሚገሥጸው ከእነሱ በሁለት እርከን ከፍ ያለው ቡድን ነው። ስለዚህ ልጅን ማሳደግ የአባትና የእናት ብቻ ሸክም አይሆንም። ልጅ ሽማግሌን ሲያገኝ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ሽማግሌው በእጁ ራሱን ነክቶ ይመልስለታል። ሽማግሌዎች ሲመርቁም እንደኛ አገር አባቶች እንትፍ ይላሉ።

ክፉ ቀንና የመሬቱ ጉዳይ

ወላጆቻችን «ክፉ ቀን» እያሉ የነገሩን ረሃብ ከማሳዮች ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1887 አካባቢ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ወረርሽኝ መጣ። ወረርሽኙ የኢትዮጵያን በሬዎች ፈጅቶ ወደ ደቡብ ወረደና የማሳዮችን መንጋ አጠፋ። እነሱም ያንን ዘመን «ኤሙታይ» ማለትም የመጥፋት ዘመን ይሉታል። በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የተነገረው በ2011 ነው።

ማሳዮች ከዚያ ሳያገግሙ እንግሊዞች መጡ። በ1904ና በ1911 በተፈረሙ ውሎች ለም መሬታቸውን እንዲለቁ ተደረገ፤ በሁለተኛው ውል ከላይኪፒያ ተነስተው ወደ ደቡብ ሄዱ። በታንዛኒያ በኩል ደግሞ በ1959 ከሴሬንጌቲ ፓርክ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛወሩ። በ2022ም በሎሊዮንዶ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ለዱር እንስሳት ተብሎ ሲከለል ከመንግሥት ጋር ተጋጭተዋል።

ይህ ለምን እንዲህ ይጎዳል? በሣር ሜዳው አገር ዝናብ አንድ ቦታ ይጥልና ሌላውን ይዘለዋል። ከብት አርቢ የሚተርፈው ዝናቡን ተከትሎ ሲንቀሳቀስ ነው። መሬቱ ሲከለል ወይም በየግል ተቆራርጦ ሲታጠር መሄጃ ይጠፋል። ከ2020 እስከ 2023 በቆየው ድርቅ የማሳይ ቤተሰቦች ብዙ ከብት ያለቀባቸው በዚህም ጭምር ነው። ከብት ሲያልቅ ለልጁ የሚሰጠው ኃላፊነት፣ ለሽማግሌውም የሚወስነው ነገር አብሮ ያንሳል።

የተተወውና የተያዘው

ሁሉም ልማድ መልካም ነበር አንልም። የሴት ልጅ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ብዙ ልጃገረዶችን ጎድቷል። ኬንያ ግርዛትን በ2011 በወጣ ሕግ ከልክላለች፤ ልማዱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በአንዳንድ መንደር እናቶችና ሽማግሌዎች ተስማምተው ምርቃቱንና ምክሩን ይዘው ግርዛቱን ትተዋል። ወጣቶች ጀግንነታቸውን ያሳዩበት የነበረው የአንበሳ አደንም ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ከ2012 ጀምሮ በአምቦሴሊ አካባቢ በሩጫ፣ በጦር ውርወራና በዝላይ የሚወዳደሩበት ስፖርት ተጀምሯል። ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ስለበዙ የሙራንነት ጊዜ አጥሯል። በ2018 ዩኔስኮ የማሳይ ወንዶችን የዕድሜ መሸጋገሪያ ሥርዓቶች አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቷል።

ውድ ወላጆች፣ እኛም ከብቱንና እርሻውን ትተን የመጣን ነን። ልጆቻችን ቋንቋውን ቀድመውን ስለለመዱ በየቢሮው አስተርጓሚ ሲሆኑልን፣ የወላጅና የልጅ ቦታ እንደሚዘበራረቅ በሥራችን በየቀኑ እናያለን። የማሳዮች ኑሮ የሚያሳየን ክብር በዕድሜ ብቻ እንደማይቆም ነው፤ ሽማግሌው የሚከበረው የሚሠራው ሥራ ስላለው ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ስለ ሣር ሜዳው ሲጠይቋችሁ ስለ አንበሳው ብቻ አትንገሯቸው። ቅሉ በወይራ ሲታጠን እንዴት እንደሚሸት፣ በልጅነታችሁ ስንት ጥጃ ትጠብቁ እንደነበር ንገሯቸው። ይህን ከእናንተ በቀር ማንም ሊያስተምራቸው አይችልም።