ያረጡ እናቶችና የማኅፀን በር ምርመራ

በጤና ፕሮጀክቶች ከሚያገለግሉ እኅቶች የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። «የ35 ዓመቷን ልጅ በአሲድ ስንመረምር፣ የ58 ዓመት እናቷን ግን ‹ይህ ለእርስዎ አይሆንም› የምንለው ስለ ምንድን ነው?» እናቲቱ የተናቀች ሊመስላት ይችላል፤ ምክንያቱ ግን የአካሏ ለውጥ ነው።

የማኅፀን በር ሁለት ዓይነት ሽፋን አለው። የውጭው ተደራራቢና ጠንካራ ነው። በውስጠኛው ቦይ ያለው ግን አንድ ረድፍ ብቻ ሲሆን፣ ቀላ ያለና ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጭ ነው። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሁለቱ በሚገናኙበት ወሰን ዙሪያ ነው። በወሊድ ዕድሜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚበዛ ወሰኑ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። መርማሪዋም ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶ ዓይነት፣ ቀብታ አንድ ደቂቃ ስትጠብቅ የተለወጠ ሥፍራ ካለ ይነጣል።

ሴት ስታርጥ ይህ ሆርሞን ይቀንሳል። የማኅፀን በር ይኮማተራል፣ አፉ ይጠባል፣ ወሰኑም ወደ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ አሲዱ ቢቀባም ዋናው ሥፍራ ለዓይን አይታይም፤ ሳያዩ «ደኅና ነሽ» ብሎ መስደድ ደግሞ አደጋ አለው። በአገራችን የአሲዱ ምርመራ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት የሆነው በዚህም ምክንያት ነው። ላረጡት የሚሻለው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለውን ቫይረስ የሚፈልገው ምርመራ ነው። ናሙናውን ሴትዮዋ ራሷ ልትወስድ ትችላለች፤ ይህም ለሚያፍሩ እናቶች ትልቅ ዕረፍት ነው።

«ባሌ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖኛል፤ እኔን ምን ያገኘኛል?» የሚሉ አሉ። ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቢገኝባት ማንም በክፉ ሊጠረጥራት አይገባም።

ሽፋኑም ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ሲነኩት በቀላሉ ይደማል። ስለዚህ መርማሪዎች ትንሹን መሣሪያ እንዲመርጡና እንዳይቸኩሉ አደራ እንላለን። ድርቀቱና ሕመሙም መድኃኒት አለው፤ ሐኪም የኤስትሮጅን ቅባት ሊያዝ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «አበባዬ ተመለሰ» እየተባለ የሚታለፈው ደም ነው። የወር አበባ ከቆመ 12 ወር ካለፈው በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ የወር አበባ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ መሳሳት የተነሣ ነው፤ አንዳንዴ ግን የማኅፀን በር ወይም የማኅፀን ካንሰር ምልክት ነው። ሁለቱን በግምት መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለችውን እናት ለተራ ምርመራ ወረፋ አታስይዟት፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ላኳት። በወንዶች ፊት ስለማትናገረው፣ በዕድሜ የምትቀርባት ሴት ለብቻዋ ትጠይቃት።