«አንዲት ሳንቲም ለራሳችን አልነካንም»

አንድ ፋይል ከግብር ሥራ ጠረጴዛዬ አልነሣ ብሎኛል። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ በኪራይ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ የሚያስተምር፣ አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች የሜዲኬድና የሥራ ማመልከቻ የሚሞላ የእኛው ሰዎች ማኅበር ፋይል ነው። አንድ ፋውንዴሽን ሥራቸውን ወዶ ሊደግፋቸው ተነሥቶ ነበር። ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት እንደ ወጉ ስማቸውን በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ በአይ አር ኤስ መዝገብ ሲፈልግ፣ ከግብር ነፃ የመሆን መብታቸው ከተሰረዘባቸው ድርጅቶች መካከል አገኘው። ሦስት ዓመት በተከታታይ 990 የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርት አላስገቡም። ድጋፉ ቀረ።

ሰብሳቢው ደብዳቤዎቹን በፌስታል ይዘው መጡ። አብዛኞቹ ፖስታዎች አልተከፈቱም። ሲላኩ የኖሩት የመጀመሪያው ጸሐፊ ወደ ለቀቀው አፓርታማ ነው፤ ጎረቤት ሰብስቦ አቆያቸው። ስለ ሪፖርቱ ስጠይቃቸው ስለ ሌላ ነገር መለሱልኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከሰው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለራሳችን አልነካንም።» እውነታቸውን ነው። የባንክ መግለጫውን አይቻለሁ፤ ከኪሳቸው ጨመሩ እንጂ አልወሰዱም። «ጋሼ፣ እሱን አልጠራጠርም፤ ሪፖርቱን የሚሞላው ማን ነበር?» አልኳቸው። «ማንም። ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ከየት እናመጣለን?» አሉ።

እነሱን የሚመለከተው 990-ኤን ነው፤ ዓመታዊ ገቢው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር ለማይበልጥ ድርጅት የተዘጋጀ፣ በኢንተርኔት በጥቂት ደቂቃ የሚሞላ፣ ክፍያ የሌለው ቅጽ። ሜይ 15 ሲደርስ አስታውሶ የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ይፈልጋል። ማኅበሩ ያ ሰው አልነበረውም፤ ያ ሰው እንዳይኖረውም ወስኖ ነበር፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሰው በእኛ ዘንድ «የአስተዳደር ወጪ» ይባላል።

ይህን ሐሳብ መስማት ደክሞኛል። በዳላስ፣ በፎረስት ሌንና በግሪንቪል አካባቢ ምግብ ቤቶች በሚደረገው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ያው ነው፦ «መቶ ፐርሰንቱ ለተረጂው ይደርሳል፤ ለአስተዳደር የሚወጣ ምንም የለም።» ጭብጨባው ይከተላል። ወጪ የሌለው ድርጅት ግን አላየሁም። ወጪው አልተመዘገበም ማለት ወይ አንዲት ሴት በእንቅልፏና በልጆቿ ሰዓት እየከፈለችው ነው፣ ወይ ደግሞ ሥራው ጭራሽ አልተሠራም። ሁለቱም ሲቆዩ ድርጅቱን ያፈርሳሉ።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አንዱ ምንጭ እድር ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ በነፃ ያገለግላሉ፤ ያስከብራልም። እዚያ የሚያስኬደው ግን አባላቱ በየወሩ ስለሚገናኙ፣ መዝገቡ በጉባኤ ፊት ስለሚነበብ፣ ከፋዩም ተጠቃሚውም ያው ሰው ስለሆነ ነው። በጎ አድራጎት ድርጅት ከማያውቀው ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለሌላ ለማያውቀው ይሰጣል፤ በመሐል ለመንግሥት መልስ ይሰጣል። በዚህ አገር ሕግም አባላቱን ብቻ የሚጠቅም ማኅበር 501 ሲ 3 የሚባለውን የበጎ አድራጎት መብት አያገኝም። በእድር ልማድ የሚመራ 501 ሲ 3 ግን በየዓመቱ በሬን ያንኳኳል። ሌላው ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። አብያተ ክርስቲያናት 990 የማስገባት ግዴታ የለባቸውም። ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የወጣ ማኅበር በራሱ ስም ከተመዘገበ በኋላም «እኛም አይመለከተንም» ብሎ ይቀመጣል።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ሕግም አለ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ተደንግጎ ነበር፤ ሰባ ሠላሳ እንለው የነበረው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የጎዳው ምደባው ነው። ሥልጠናውን፣ ክትትሉን፣ መኪናውን በሠላሳው ውስጥ እየቆጠረ፣ መድኃኒቱ ገጠር የሚደርስበትን መንገድ ከመድኃኒቱ ለየው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም፣ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከአስተዳደር አውጥቶታል። ያኔ በመንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ የሠሩ ሰዎች ዛሬ እዚህ የማኅበር ቦርድ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዋጁ ተሽሮም ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም።

አሜሪካኖቹም ከዚህ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ ለለጋሾች በጋራ ደብዳቤ ጽፈው፣ ድርጅትን በአስተዳደር ወጪው መቶኛ ብቻ አትመዝኑ ብለው ነበር። ይህን ያሉት ለጋሾች መቶኛውን እንዲያዩ ሲያስተምሩ የኖሩት ተቋማት ራሳቸው ናቸው።

ቴክሳስ ድርጅት መመሥረት ቀላል ነው። ለሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት 25 ዶላር ከፍለህ፣ ሦስት የቦርድ አባላት አስመዝግበህ ትጀምራለህ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ባል፣ ሚስትና የአጎት ልጅ ናቸው። ገንዘቡ በመሥራቹ የግል ዜል ወይም ካሽ አፕ ይገባል፤ ሰውየው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ የስልኩን መክፈቻ የሚያውቅ የለም። ቼክ የሚፈርመውና ሒሳቡን ከባንክ ጋር የሚያመሳክረው አንድ ሰው ነው። ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቀን ሐሜት ሲነሣ ንጹሕነቱን የሚያስረዳለት ወረቀት የለውም ማለቴ ነው። እኔ ያየኋቸው የማኅበር ጠቦች አብዛኞቹ የተነሡት ከስርቆት ሳይሆን ካልተያዘ መዝገብ ነው። ጓደኛሞች ተኮራርፈው ሁለት ማኅበር ሆኑ፣ ሁለቱም ደከሙ።

ልጆች የሚያስተምር ማኅበር የአስተማሪዎቹን የኋላ ታሪክ ማጣራት አለበት፤ ገንዘብ ያስወጣል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከግብር ለመቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ማዘጋጀቱ ሰዓት ይወስዳል። ኢንሹራንስ አለ። ይህ ሁሉ ለልጆቹ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ለይተን የምናየው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ሪፖርት ባለማስገባት የተሰረዘ ድርጅት እንደ አዲስ ማመልከት አለበት፤ እንደ መጠኑ ለአይ አር ኤስ 275 ወይም 600 ዶላር ይከፍላል። በመሐል የተሰጠው ስጦታ ለለጋሹ ከግብር አይቀነስም። ሦስት ዓመት ያላስገባውን የሚሰርዘው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በ2011 የመጀመሪያው ዝርዝር ሲታተም ወደ 275,000 የሚጠጉ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ተሰርዘዋል። ብዙዎቹ ቀድሞ የሞቱ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ የተሰረዙትን ግን በሥራዬ አግኝቻቸዋለሁ።

ትልቅ መሆንም አያድንም። ሬፊውጂ ሰርቪስስ ኦፍ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ሲቀበል የኖረ፣ በስቴቱ ከታወቁት አንዱ ነበር። ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶው ውስጥ የመጀመሪያ አፓርታማቸውን በእንዲህ ያሉ ድርጅቶች እጅ ያገኙ ስንት ወገኖቻችን አሉ። አፍጋኒስታን ስትወድቅ ሥራው በአንዴ ገዘፈ፤ በ2023 የገንዘብ ጉድለቱን መሸከም አቅቶት ተዘጋ። የፌዴራል ገንዘብ የሚመጣው ለተረጂው ተቆጥሮ ነው፤ ክፉ ቀን የሚታለፍበት መጠባበቂያ ከሌላ መገኘት አለበት። ለመጠባበቂያ ደግሞ እራት ላይ የሚያጨበጭብ የለም።

የምናከብራቸውን ሰዎች ነገር ማንሳት የፈለግሁትም ለዚህ ነው። ሰው ማክበር እንወዳለን፤ ደስ የሚለኝ ጠባያችን ነው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2012ም በ2018ም ዳላስ ሲደረግ የክብር እንግዳ የሚባለውን ወግ ሁላችንም አይተናል። በየማኅበሩ ዓመታዊ እራትም ካባ ይለበሳል፣ ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ ይሰጣል። የሚሸለሙት ሰዎች ይገባቸዋል። ቅር የሚያሰኘኝ ታሪካቸውን የምንነግርበት መንገድ ነው። ሁልጊዜ ቤቱን የሸጠ፣ ትዳሩን ያጣ፣ ያለውን ሁሉ የሰጠ ሰው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሆነ ሰው ለክብር የማይበቃ ይመስላል።

የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሄደው ከረሃቡ መሐል ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ከባላቸው ጋር ተለያዩ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በ2021 በኮቪድ ሲያርፉም የተነገረው ይኸው ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ዓመት ነው። ትምህርት ቤት፣ የሙያ ሥልጠና፣ ገቢ የሚያስገኙ ሥራዎች ያሉት ተቋም ቆመ። ያን ተቋም ያቆመው መዝገብ የያዘ፣ ደመወዝ የከፈለ፣ ፈቃድ ያሳደሰ፣ ለለጋሽ ሪፖርት የጻፈ ሰው ነው። ርኅራኄው ልጆቹን ቤት አስገባ፤ እስኪያድጉ ድረስ በየቀኑ ቁርስ ያበላቸው ግን አሠራር ነው። ይህኛውን ግማሽ መድረክ ላይ ሲነገር አልሰማሁም።

ይህን ግማሽ መተዋችን ጉዳት አለው። ወጣቶቹ፣ እዚህ የተወለዱት፣ ሒሳብና ሕግ የተማሩት፣ መድረኩን አይተው «ማገልገል ማለት ቤት መሸጥ ነው» ብለው ይደመድማሉ፤ ይርቁናል። ማኅበሩን ላለመጣል የሚታገሉትም ደክሞኛል ማለት ያፍራሉ። እረፍት የጠየቀች ገንዘብ ያዥ ቃሏን እንዳጠፈች ተደርጋ ስትታይ አይቻለሁ። እሷ ስትሄድ የይለፍ ቃሉም ከእሷ ጋር ሄደ።

በያዝነው ጊዜ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። እስካሁን ደንበኞቼ ስለሰጡት ስጦታ ሲጠይቁኝ፣ ወጪያቸውን በዝርዝር ስለማያቀርቡ አብዛኞቹን «ለግብር አይጠቅምዎትም» እላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ በዝርዝር የማያቀርብ ሰውም በገንዘብ ከሰጠው ውስጥ እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት በጋራ ካቀረቡ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላል። ይህ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ማኅበር ከአይ አር ኤስ ያገኘው መብት ካልተሰረዘ ብቻ ነው። በጎፈንድሚ ለታመመ ወዳጅ የላኩት አይቆጠርም፤ መልካም ሥራነቱ እንዳለ ሆኖ። የሰሜን ቴክሳስ የመስጫ ቀንም አለ፤ ኮሚዩኒቲስ ፋውንዴሽን ኦፍ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚያዘጋጀው። በአንድ ቀን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይሰበሰብበታል። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ማኅበር በሩን አያልፍም፤ የሰብሳቢው ቅንነት እዚያ አይጠየቅም።

ስለዚህ ለጓደኞቼና ለደንበኞቼ የምለው አንድ ነገር አለ። ለማኅበር ቼክ ስትጽፉ ለተረጂው ብቻ ብላችሁ አትገድቡት። የማስታወሻው መስመር ላይ «ለሥራ ማስኬጃ» ጻፉ፣ ወይም ባዶውን ተዉት። ሰብሳቢውን ስታገኙ ስንት ልጅ ረዳችሁ ከማለታችሁ በፊት 990ውን ማን እንደሚሞላ፣ ባንኩን ማን እንደሚያመሳክር፣ ለዚያ ሰው ምን እንደሚከፈለው ጠይቁ። ምንም አይከፈለውም ካሉ፣ የአንድ ዓመቱን የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ቻሉ። ሪቻርድሰን ውስጥ እንዲህ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። የደገፉት ማኅበር ዘንድሮ ሪፖርቱን ያስገባው በማርች ነው።