«ወደድሁት» ካልን በኋላ

አንድ ዘፈን ሰምተን፣ አንድ ሲኒማ አይተን ወይም አንድ መጽሐፍ አንብበን ስንነሣ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ደስ ይላል» ወይም «አይረባም» የሚል ቃል ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ለመውደድና ለመጥላት ፈቃድ አይጠየቅም። ነገር ግን ክርክሩ እዚያው ላይ ከቆመ ረቺው ድምፁ የጐላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ አስተያየት የራስ የሚሆነው መቼ እንደ ሆነ ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

አስተያየት ሁለት እግር አለው፤ ይኸውም ስሜትና ምክንያት ነው። ስሜቱ የየራሳችን ነው። ምክንያቱ ግን በሥራው ውስጥ ካለ፣ ሌላውም ሰው ሄዶ ሊያየው ከሚችለው ነገር መነሣት አለበት።

ከሙዚቃ እንጀምር። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ነው። በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃውን ካሰማ በኋላ ግን ከመካከላችን ብዙዎች እንደ አዲስ አደነቁት። አድናቆቱ ስሕተት አይደለም፤ ዳሩ ግን «ፈረንጅ ወደደው» ማለት ምክንያት አይሆንም። ምክንያት የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው፤ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም በአምስት በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ሙላቱ እነዚህን ከጃዝ አጃቢ ጋር ሲያጋባቸው ዜማው ቅኝቱን ሳይለቅ ሌላ ቀለም ያገኛል። ይህን ከሚል ሰው ጋር ባንስማማ እንኳ አብረን ልናዳምጥ እንችላለን።

ወደ ልብ ወለድ እንለፍ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። እንግዲህ «ግሩም ነው» ስንል ያደነቅነው የተራኪውን ድምፅ ነው ወይስ የደራሲውን ሥራ? ሁለቱንም ማድነቅ ይቻላል፤ መለየት ግን ይገባል። መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ሰው ጉዱ ካሣን ይጠቅሳል፤ ደራሲው ከሁሉ የነቃውን ሐሳብ እንደ እብድ በሚታይ ሰው አፍ ማኖሩን ያሳየናል።

ኃይሌ ገሪማ በአውሮፓ 1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» ውስጥም እውነቱን የሚናገረው እብድ የተባለው ሰው ነው። ይህ በጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ሲኒማ «ይንቀረፈፋል» ይባላል። እውነት ነው፤ ይዘገያል። እኛ በበኩላችን ዝግታው የጭሰኛውን ድካም በተመልካቹ ትከሻ ላይ የሚያሳርፍ ነው እንላለን። «ለዚያስ አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር» የሚል ቢመጣ ግን ደስ ይለናል፤ ምክንያት ይዞ መጥቷልና።

ሳናነብ መፍረድ ሳይማሩ መጠምጠም ነው። አንብቦ ዝም ማለትም አይበጅም። በዘፈንና በመጽሐፍ ላይ የሰው አስተያየት መበደር የለመደ፣ ነገ ከዚህ በሚበልጠው ጉዳይ ላይም መበደሩ አይቀርም። ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከእንግዲህ በማደሪያችን ክርክር ሲነሣ «ወደድሁት» በል፤ ቀጥለህም የወደድኸውን ቦታ አሳየን።