ሚኒሞ ያጣ ሞተርና የዶላር ሂሳብ

መብራት ላይ ሲቆም የሚንቀጠቀጥ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል፣ ማርሹ ዲ ላይ ሲገባ ደግሞ ገፍትሮ የሚነሣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በአዲስ አበባ ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ ጋራዥ ሲወስደው ከሚሰማቸው ምክሮች መካከል የሚኒሞ ቫልቩ ይቀየር፣ ትሮትል ቦዲው ሙሉውን ይለወጥ፣ ሲከፋም ካምቢዮው ይውረድ የሚሉት አይጠፉም። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ ከአንድ ጣሳ ማጽጃ፣ ከአንድ ካቻቢቴና ከንጹሕ ጨርቅ ብዙም የማይዘል ሥራ ግን አለ። ባለመኪናው ይህን ሥራ ራሱ ቢሞክረው ያዋጣዋል የሚል እምነት አለኝ። የሚያዋጣበት ምክንያት ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው ይለያል።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው መኪናውን ራሱ ሲጠግን የሚቆጥበው የእጅ ዋጋ ነው። የጋራዥ የአንድ ሰዓት ሥራ ከ100 ዶላር ማለፉ እዚያ የተለመደ ሲሆን፣ ዕቃው ግን በአንጻሩ ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ነው። እኛ ዘንድ ሂሳቡ ተገልብጧል። የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ድርሻ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር የምንዛሬ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ዕቃ አስመጪው ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ያሰላ ነበር የሚል ይኖራል፤ በከፊል ልክ ነው። ቢሆንም የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላር ጋር መታሰሩን ማንም አይክድም። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪ ሳይኖረው ማርጀቱን ይቀጥላል፤ ዕቃ ፈላጊውም በዚያው ልክ ይበዛል።

ችግሩን ጠጋ ብለን እንየው። ኮፈኑ ተከፍቶ ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ሲነቀል፣ በነዳጅ መስጫው ልክ የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ የብረት ክዳን ይታያል፤ ትሮትል የሚባለው ይህ ነው። በቆየ መኪና ላይ የክዳኑ ጠርዝና የተቀመጠበት ግድግዳ ጥቁር ቅባታማ ጥላሸት ይይዛሉ። እግር ከነዳጅ ሲነሣ ሞተሩ የሚተነፍሰው በዚህ ጠርዝ ዙሪያ ባለች ቀጭን ክፍተት ወይም በጎን በተሠራች ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጥላሸቱ ያችን ቀዳዳ ሲያጠብባት ኮምፒውተሩ የሚኒሞ ቫልቩን ይበልጥ እየከፈተ ያካክሳል፤ የማካካሻው ልክ ሲያልቅ ግን ሚኒሞው ይወርዳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። የተሰነጠቀች ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ ያልተቆጠረ አየር ታስገባና ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ ታሰኘዋለች። ይህቺን ብዙ ጊዜ ጆሮ ይይዛታል፤ ሞተሩ እየሠራ ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። የመጀመሪያው መድኃኒት መጥረግ ነው፣ የሁለተኛው አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ።

የማርሹ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ካምቢዮ ያለጥፋቱ የሚወርደውም በዚህ ክፍተት ይመስለኛል። አንድ ትንሽ ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ዙር ገደማ መዞር ሲገባው 1,200 ወይም 1,300 ላይ ከቆመ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው ዲ ላይ ሲገባ ያንን ትርፍ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ተሳፋሪው እንደ ምት ይሰማዋል። ኮምፒውተሩም ማርሽ የሚቀይርበትን ቅጽበት የሚወስነው የትሮትሉ ክዳን ምን ያህል እንደተከፈተ የሚነግረውን ሴንሰር እያነበበ ነው፤ ሴንሰሩ ከተሳሳተ ማርሹም አለጊዜው ይገባል። በቆዩት ሞዴሎች ይህንን ሥራ በከፊል የሚሠራው ከትሮትሉ ወደ ካምቢዮ የሚሄድ ገመድ ነው፤ ገመዱ ከላላ ወይም ልኩን ከሳተ ማርሽ ይዘገያል ወይም ይመታል። ገመዱን ማስተካከል ደግሞ ዕቃ አያስገዛም። የካምቢዮ ዘይቱን ማየትም እንዲሁ ነው፤ መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ከሰጠ ግን የባለቤቱ ሥራ እዚያ ያበቃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። እንበልና የማጽጃው ወጪ 1,000 ብር፣ የሚቀየረው ዕቃ 15,000 ብር ነው። ማጽዳቱ ከ15 መኪኖች አንዱን ብቻ ቢያድን እንኳ ቀድሞ የሞከረው አልከሰረም፤ ከአራት አንዱን ካዳነ ትርፉ ግልጽ ነው። ዋናው ትርፍ ግን የሚገኘው እውቀት ነው። ማጽዳቱ ባይሠራ እንኳ ባለመኪናው ጋራዥ ሲገባ አንድ ጥርጣሬ አስወግዶ ነው። ማይክል ዳርቢ እና ኤዲ ካርኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት ስለዚህ ዓይነቱ ገበያ ጽፈዋል፦ ገዢው አገልግሎቱ ያስፈልገው እንደነበር ከገዛም በኋላ ማረጋገጥ የማይችልበት ገበያ። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ደህና ከሆነ፣ ያዳነው አዲሱ ቫልቭ ይሁን ዕቃው ሲቀየር አብሮ የተጠረገው ጥላሸት ባለቤቱ በምን ያውቃል? መርማሪውና ሻጩ አንድ ሰው ሲሆኑ፣ ሰውየው ጨዋ ቢሆን እንኳ፣ ፍርዱ ወደ ሽያጩ ያዘነብላል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ሰልባጅ ለሚገዛውማ ነገሩ የባሰ ነው፤ ከሌላ መኪና የተፈታው ቫልቭ የእርሱኑ ያህል ጥላሸት የጠጣ፣ ለሽያጭ ሲባል የታጠበ ሊሆን ይችላል። ለመታጠቡማ የገዛ ዕቃው ምን አነሰው?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሥራ ለባለሙያ ይተው የሚለው ነው። ክብደት አለው፤ ያልለመደ እጅ ጉዳት ያደርሳል። ትሮትሉ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በሆነ መኪና ላይ ቁልፉ በርቶ ክዳኑን በጣት መግፋት ማርሾቹን ሊሰብር ይችላል። ማጽጃው ተቀጣጣይ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ አይረጭም። የአየር መለኪያው ሴንሰር የራሱ ማጽጃ አለውና በካርቡራተር ማጽጃ አይነካም። ሲቪቲ ካምቢዮ ላይ የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት መጨመርም ካምቢዮውን ለጥፋት ይዳርጋል። ግን እነዚህ ሁሉ የሥራውን ወሰን ያሳያሉ እንጂ ሥራውን አይከለክሉም። መጥረግ፣ ቱቦ ማየት፣ ዘይት መለካት የባለቤት ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው፣ ፍሬንን ጨምሮ፣ የመካኒኩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ብልህ ነው፤ ማጽዳት ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያድንም ይላል። ዘይት የሚበላ ሞተር ትሮትሉን መልሶ ማጥቆሩ እውነት ነው። ሆኖም የሚመለስበት ፍጥነት ራሱ መረጃ ነው። ዓመት ያህል ከቆየ የተለመደ የአገልግሎት ቆሻሻ ነው፤ በወሩ ከተመለሰ ግን የሞተሩን የዘይት ትነት የሚመልሰው ቫልቭ ወይም ሞተሩ ራሱ ይመርመር ማለት ነው። ይህንን መረጃ ለማግኘት የ15,000 ብር ዕቃ መቀየር አያስፈልግም፤ አዲሱም ዕቃ በዚያው ፍጥነት ይጠቁራልና። በቪትዝ የሜትር ታክሲ ለሚሠራ ሹፌር ደግሞ መኪናው ጋራዥ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን የታጣ የቀን ገቢ ነው፤ ጎህ ሲቀድ የሚጠፋ አንድ ሰዓት ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

የመካኒኮቹ እንጀራስ? እኔ የሚታየኝ መፍትሔ ለጋራዡም የሚበጅ ነው፦ የምርመራው ክፍያ ከዕቃው ሽያጭ ይለይ። ደንበኛው ለምርመራ የሚገባውን ይክፈል፣ ዕቃ ተቀየረም አልተቀየረም። ዛሬ ምርመራ በነጻ ወይም በጥቂት ብር ስለሚሰጥ፣ ጎበዙ መካኒክ ችሎታውን የሚሸጥበት ብቸኛ መንገድ ዕቃ መቀየር ሆኖ ቀርቷል። ደንበኛው ለምርመራ አልከፍልም ሲል ያንኑ ክፍያ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ይከፍለዋል፤ አገሪቱም ላልተበላሸ ቫልቭ ዶላር ታወጣለች።

እንግዲህ መኪናዎ ሚኒሞ አልይዝ ካለ ዕቃ ይቀየር ከማለትዎ በፊት ትሮትሉን ያጽዱ ወይም ያስጸዱ፣ ቱቦዎቹን ይዩ፣ የካምቢዮ ዘይቱን ይለኩ። ጋራዥ ከገቡም የምርመራውን ለብቻው ይክፈሉ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀብለው ይውጡ።