ታንኩ ቢያንስም ሕጉ አያንስም፦ የሞዴል ታንክ ቀለም ቅብና ፊዚክስ

ይህን ጽሑፍ በምናዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት የፕላስቲክ ታንክ ቆማለች። የጣልያን ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ይዞት የመጣው፣ ሲቪ 33 የተባለው የፊያትና የአንሳልዶ ሥሪት ቀላል ታንክ ሞዴል ናት። እውነተኛው ታንክ ርዝመቱ 3.2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር፣ ክብደቱም 3.2 ቶን ገደማ ሲሆን የሚይዘው ሁለት ወታደሮችን ብቻ ነበር። ተሽከርካሪ ማማ ስላልነበረው መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ ግንባር የዘመተው የራስ እምሩ ጦር፣ ደምበጉና በተባለው ማለፊያ ይህንኑ ጉድለት ተጠቅሞ፣ ከጎንና ከኋላ እየቀረበ በርከት ያሉ እንዲህ ያሉ ታንኮችን ከጥቅም ውጪ አድርጓል።

በዓለም ገና በሚገኘው መኖሪያችን፣ በዕረፍት ሰዓታችን፣ ይህችን ሞዴል ገጣጥመን ቀለም ስንቀባ ሦስት ጊዜ ተሳስተናል። ሦስቱም ስሕተቶች የደረሱብን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፋቸውን የፊዚክስ ሕግጋት በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ስለረሳናቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስሕተቶቻችንን አንድ በአንድ በማንሣት፣ አንድን አካል ማሳነስ ቢቻልም የተፈጥሮን ሕግ ማሳነስ ግን እንደማይቻል ማሳየት ነው።

ሠላሳ አምስት ጊዜ ማነስ ምን ማለት ነው?

የታንክ ሞዴሎች በብዛት የሚሠሩት በ1፡35 መስፈርት ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው በውስጡ የሚገቡት ትንሽ ሞተርና የባትሪ ድንጋዮች በሚይዙት ቦታ ነበር። ኋላ ቢለካ 1፡35 ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት።

ርዝመት 35 ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት 35 በ35፣ ማለትም 1,225 ጊዜ ያንሳል። ይዘትና ክብደት ደግሞ 42,875 ጊዜ ያንሳሉ። ስለዚህ የእኛ ታንክ እንደ እውነተኛው ከብረት ብትሠራ እንኳ ክብደቷ 75 ግራም ገደማ ብቻ በሆነ ነበር። በሰንሰለቶቿ አማካይነት መሬት ላይ የምታሳርፈው ግፊትም 35 ጊዜ ያነሰ ነው። እውነተኛው ታንክ ጭቃ ላይ ዱካ ጥሎ ሲያልፍ ሞዴሏ ግን እንደ ቅጠል ላዩ ላይ ትቀመጣለች። ሞዴል ሠሪው ሰንሰለቶቹን ገና ባልደረቀ ጄሶ ላይ በጣቱ ተጭኖ ዱካ የሚያበጀው በዚህ ምክንያት ነው። ስበት ያልሠራለትን ሥራ እጁ ይሠራለታል።

የመጀመሪያው ስሕተት፦ የቀለም ውፍረት

የመጀመሪያውን ቀለም በብሩሽ ቀብተን፣ ሥራችን አኩርቶን፣ በጅማ መንገድ ዳር በሚገኝ ጋራዥ ለሚሠራ የመኪና ቀለም ቀቢ አሳየነው። አገላብጦ ተመለከታትና «ዶክተር፣ ወፍራም ቀብተዋታል፤ ብረቷ ጠፍቷል» አለን። አላመንነውም፤ ቤት ገብተን ስናሰላ ግን ትክክል ነበር።

በእውነተኛ ታንክ ላይ ያለ ቀለም ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ በሞዴሉ ላይ 0.003 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። በብሩሽ የተቀባ ቀለም ግን በቀላሉ 0.05 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህን ወደ እውነተኛው መጠን ብንመልሰው ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀለም ይሆናል። እንዲህ ያለ ልባስ የብሎኖችን ራስና የብረት መጋጠሚያዎችን ይውጣል።

ታዲያ ቀለሙን እስከ ተፈለገው ድረስ ማሳሳት አይቻልምን? አይቻልም። የነጭ ቀለም ዋነኛ ብናኝ የሆነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣቱ ሩብ ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ይህ መጠን የተመረጠው ከሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ጋር ስለሚቀራረብና ብርሃንን በደንብ ስለሚበትን ነው። ቅንጣቱን 35 ጊዜ ብናሳንሰው ብርሃን እንዳልነካው ያልፋል፤ ቀለሙም የሥሩን ፕላስቲክ መሸፈን ያቅተዋል። ታንኩ ሲያንስ የብርሃን ሞገድ አብሮ አላነሰም።

የቀለም ቀቢው ምክር «አኳራጅ ጨምረው ያቅጥኑት፤ ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርገው ይደርቡት» የሚል ነበር። እኛም አንድ ነገር እንጨምር። ዓለም ገና ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ትነት በፍጥነት ይሠራጫል፤ ሙቀቱና ነፋሱ እኩል ቢሆን ቀለም ፈጥኖ ይደርቃል። ቀለሙ ገጹን ሳያስተካክል ስለሚደርቅም የብሩሹ ጭረት ይቀራል። በውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ ያለው የማቅጠኛ መጠን ለደጋ ሰው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት፦ ውሃና የቡና ስኒ ቀለበት

ሞዴል ሠሪዎች በስንጥቆችና በማዕዘኖች ውስጥ ጥላ እንዲታይ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም ያፈስሳሉ። እኛ ቀለሙን በውሃ አቀጠንነው። ውሃው ወደ ስንጥቆቹ በመግባት ፈንታ እንደ ዶቃ ተንከባለለ፤ ሲደርቅም ዙሪያቸው የጠቆረ ክቦችን ትቶ ሄደ።

ምክንያቱ የገጽ ውጥረት ነው። ውሃ ከ2.7 ሚሊ ሜትር ባነሰ ስፋት ላይ ሲሆን ከመሬት ስበት ይልቅ ለገጽ ውጥረቱ ይታዘዛል። በእውነተኛ ታንክ ላይ የዝናብ ውሃ በስበት ቁልቁል ወርዶ የዝገት መስመር ያሰምራል። የሞዴላችን ማዕዘኖችና ብሎኖች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ልክ በታች ናቸው። ስለዚህ ሽቅብና ቁልቁል የሚባል ነገር እዚያ ብዙም ትርጉም የለውም።

በክቦቹ ዙሪያ ጥቁረት የተጠራቀመው ደግሞ የፈሰሰ ቡና ጠረጴዛ ላይ ሲደርቅ ቀለበት በሚሠራበት ምክንያት ነው። በጠብታው ጠርዝ ትነት ስለሚፈጥን ፈሳሹ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየፈሰሰ ብናኙን ይዞ ይሄዳል። ይህን ቡና የሚጠጣ ሁሉ ያየዋል፤ ማብራሪያውን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ያወጡት ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በውሃው ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መጨመር፣ ወይም የገጽ ውጥረቱ ከውሃ ሢሶ ያህል በሆነው በአኳራጅ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን አኳራጅ የሥሩን የዘይት ቀለም እንዳያሟሟ አስቀድሞ በቫርኒሽ መሸፈን ያስፈልጋል። የዝገት መስመሩንም ስበት ስለማይሠራልን በብሩሽ ከላይ ወደ ታች መጎተት ይኖርብናል።

ሦስተኛው ስሕተት፦ በሌሊት የተመረጠ ቀለም

ከሥራ መልስ ቀለሙን የቀላቀልነው ማታ፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ነበር። ከናሙናው ጋር ፍጹም ተመሳሰለልን። በማግሥቱ ጠዋት ወደ በረንዳ ስናወጣት ግን አረንጓዴነት በዝቶባት አገኘናት። የፍሎረሰንት ብርሃን ጥቂት ጠባብ የቀለም መስመሮች ይበዙበታል፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ሁሉንም ያካተተ ነው። ከተለያየ ብናኝ የተሠሩ ሁለት ቀለሞች በአንዱ ብርሃን ሥር ተመሳስለው በሌላው ሥር ሊለያዩ ይችላሉ። ጥለቱን ከነጠላው ጋር በሱቅ መብራት አመሳስላ ገዝታ ከቤት ስትደርስ የምትገረም ሰው የገጠማት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ። ሞዴል ሠሪዎች ቀለሙን ከእውነተኛው ፈካ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም «በመካከል ያለው አየር ሩቅ ነገርን ስለሚያደበዝዝ ነው» ይላሉ። እናስላው። ሞዴሉን ከ50 ሴንቲ ሜትር ማየት እውነተኛውን ከ17.5 ሜትር እንደ ማየት ነው። በጠራ ቀን አየር በዚህ ርቀት ከብርሃኑ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይወስድም። ስለዚህ ልማዱ ትክክል ቢሆንም ማብራሪያው ስሕተት ነው። የተሻለው ማብራሪያ የብርሃን መጠን ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ሲሰጥ፣ በክፍል ውስጥ ያለው ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ዓይናችን ቀለማትን የደበዘዙና የጨለሙ አድርጎ ያያቸዋል። ትንሽ ገጽ ላይ ያለ ቀለምም በሰፊ ግድግዳ ላይ ካለው የጠቆረ ይመስላል።

የአቧራው ሙከራ

ታንክ ያለ አቧራ ታንክ አይመስልም። ይሁንና ከግቢያችን ያነሣነውን አፈር እንዲሁ ብንበትነው፣ የግማሽ ሚሊ ሜትር አሸዋ በዚህ መስፈርት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጠጠር ይሆናል። የሚያስፈልገን የደቀቀው ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ማንኪያ አፈር በብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ለአምስት ደቂቃ አስቀምጡት። በስቶክስ ሕግ መሠረት ከ20 ማይክሮ ሜትር የሚበልጥ ቅንጣት 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወርዶ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ቀስ ብላችሁ በሌላ ዕቃ ገልብጡና ፀሐይ ላይ አድርቁት። የሚቀረው ልም ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ሲቀባ እውነተኛ አቧራ ይመስላል። በዚህ ሙከራ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አፈርን በመጠን መለየትን ያለ ላቦራቶሪ ይማራል።

በመጨረሻ

የዚያን ዘመን ታንኮች ትክክለኛ ቀለም ከጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ለማንበብ ሞክረን ነበር። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ፊልሞች አንዳንዱ ለቀይ ብርሃን የማይሰማ ስለነበር ቀይ አፈርና ቀይ ቀለም በላዩ ጠቁረው ይታያሉ፤ ሌላው ፊልም ደግሞ ለሁሉም ቀለማት ይሰማል። የፊልሙ ዓይነት ሳይታወቅ ከግራጫው ወደ ቀለሙ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የእኛ ታንክ ቀለም ግምት ነው፤ ለሚጠይቀን ሁሉ ይህንኑ እንናገራለን። ሰዎች የሞቱበትን መሣሪያ ማሳነስ ታሪኩን መጫወቻ ማድረግ እንዳይሆን፣ የምናውቀውንና የገመትነውን ለይቶ መናገር ይገባል ብለን እናምናለን።

የግድብ ወይም የድልድይ ሞዴል የሚሠራ መሐንዲስም ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ የትኛው አብሮ አነሰ፣ የትኛው አላነሰም? ተማሪዎቻችን ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ የጎደላቸው ቀመሩ በእጃቸው ላይ ሲሳሳት ማየት ነው። እኛንም ያረመን ቀመሩን ተምሮት የማያውቅ የጋራዥ ባለሙያ ነበር። አሁን በአቧራዋ ተሸፍና፣ አፍንጫዋን ወደ ፊት ደቅና፣ ከጎኗ ማየት የማትችለውን ታንክ ባለፈው ሳምንት ይዘንለት ሄድን። በመስኮቱ ብርሃን አዙሮ አያትና «አሁን ብረት ሆናለች፤ አቧራዋን ግን ከኋላ አነሰችባት» አለን። እውነቱን ነው፤ አቧራ የሚነሣው ከሰንሰለቱ ኋላ ነው። ዛሬ ማታ እንጨምርላታለን፤ ቀለም ግን በማታ አንቀላቅልም።