ብቻውን የቀረ ንጉሥ

ቼዝ በአቻ የሚያልቀው ጉልበት ሲያንስ ነው የሚል ጀማሪ ግማሹን እውነት ይዟል። ንጉሥ ከአንድ ፈረስ ወይም ከአንድ ጳጳስ ጋር ሆኖ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ ስለማይችል ጨዋታው እዚያው አቻ ይሆናል። ግን ጉልበት ተርፎም አቻ ይመጣል። ተከላካዩ ንጉሥ ጥግ ይዞ ሳለ የአጥቂው ንግሥት የፈረስ ዝላይ ያህል ርቃ ብታርፍ፣ በዙሪያው ያሉት ሦስቱም ቤቶች ይዘጋሉ፤ እሱ ራሱ ግን ቼክ አልተባለም። ተራው የእሱ ነው፣ መሄጃ የለውም፣ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ጠጠርም የለውም። ሰሌዳውን ሁሉ የምትገዛ ንግሥት ይዞ ግማሽ ነጥብ! እዚህ ላይ አቻው የሚፈርደው በደካማው ሳይሆን መጨረስ ባቃተው ብርቱ ላይ ነው።

ይህን ፍርድ የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ከማንም አጥብቆ ይዞት ነበር። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር እንደተጫወቱት ይነገራል፤ እቴጌ ጣይቱም ይጫወቱት ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በቀድሞው የአረቦች ሻትራንጅ የባላጋራን ሠራዊት ፈጅቶ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት ራሱ ድል ነበር። በእኛ ሰንጠረዥ ግን ያለ ደጋፊ የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረለት ደግሞ ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሷ በፊት ጨዋታውን መጨረስ ግድ ነው። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ተጫዋች ድሉንም አብሮ ይበላል። በወታደር ማት ማድረግ የሚደነቀውም፣ በፈረስ ማድረግ እንደ ተራ ነገር የሚታየውም በዚሁ መንፈስ ነው።

ሕጉ ተሸናፊን ያቀብጣል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የተጨነቀው ወገን የመጨረሻ ጠጠሩን ሆን ብሎ ሊያስበላ ይሞክራል። ይሁን እንጂ አለመብላት የአጥቂው ምርጫ ነው፤ ችሎታውም የሚለካው እዚያ ላይ ነው። ሰባቱ እንቅስቃሴ እንዲሁ የተቀመጠ ቁጥር ነው ለሚልም የዛሬውን ዓለም አቀፍ ሕግ መጥቀስ ይበቃል፦ ሁለቱም ወገን 50 ጊዜ ተንቀሳቅሶ አንድም ጠጠር ካልተበላ፣ ወታደርም ካልተነካ፣ ተጫዋቹ አቻ መጠየቅ ይችላል። ኮምፒውተሮች ሰባት ጠጠር ብቻ የቀረባቸውን ጨዋታዎች ሁሉ አስልተው ሲጨርሱ፣ ለማሸነፍ ከ500 በላይ እንቅስቃሴ የሚጠይቁ ተገኝተዋል። ያም ሆኖ ሕጉ አልተነሣም፤ የሰው ትዕግሥት ልክ አለውና። ልዩነቱ የእኛዎቹ ልኩን ማሳጠራቸው ነው፤ በእኔ ሚዛን ያጠረው ይሻላል።

ወልቂጤና ቡታጅራ ውስጥ ቼዝ የምታስተምሩ ሰዎች፣ ለተማሪዎቻችሁ የ50ውን ሕግ ስታስረዱ የሰባቱንም ጨምሩላቸው፤ አንድ ከሰዓት በኋላም በእሱ ይጫወቱ ዘንድ ሰሌዳውን ልቀቁላቸው።